በ200 ነጥብ የሚበልጠው ለምን አቻ ወጣ?

እሑድ ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደ የቼዝ ውድድር፣ ሬቲንጉ (የችሎታ መለኪያ ነጥቡ) 1850 የሆነ ተጫዋች ነጭ ይዞ ሬቲንጉ 1650 ከሆነ የ16 ዓመት ተማሪ ጋር አቻ ተለያይቷል። ጨዋታውን ከዳር ሆኜ ስመዘግብ ስለነበር የደረሱኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነጩ አንድ ወታደር ትርፍ እያለው ማሸነፍ እንዴት አቃተው?

መልስ፦ ስሕተቱ የተሠራው ቀደም ብሎ ነው። በወታደር የሚበልጥ ሰው ሌሎቹን ጠጠሮች እየተለዋወጠ ወታደሮቹን መቆጠብ ሲገባው፣ እርሱ ወታደሮቹን ለዋውጦ ከንጉሡ ሌላ አንድ ሩክ (ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚሄደው ጠጠር) እና አንድ ወታደር ብቻ ይዞ ቀረ፤ ልጁም ሩክ ነበረው። ልጁ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት አቁሞ፣ ሩኩን ከራሱ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠና የነጩ ንጉሥ እንዳያልፍ ዘጋበት። ብርዱ በርትቶ ስለነበር ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ሩኩን በዚያው ረድፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ከማመላለስ በቀር ምንም አላደረገም። ነጩ ትዕግሥቱ አልቆ ወታደሩን ወደዚያ ረድፍ ሲገፋው ግን፣ ሩኩ ወዲያው ወደ ቦርዱ ሌላኛው ጫፍ ወርዶ ከኋላ ቼክ ይል፣ ማለትም ንጉሡን በቀጥታ ያጠቃ ጀመር፤ ወታደሩ ወደ ፊት ስለሄደ ንጉሡ የሚጠለልበት አላገኘም። ይህን አከላከል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ፈረንሳዊው የቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር ነው። ስለዚህ አቻው ለልጁ የተሰጠ ችሮታ ነው የሚሉትን አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ሬቲንጋቸው በስንት ይለወጣል?

መልስ፦ ውድድሩ በፊዴ (በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) የሚመዘገብ ከሆነ፣ ድል 1፣ አቻ 0.5 ሆኖ ሲቆጠር፣ የ200 ነጥብ ብልጫ ካለው ተጫዋች በአንድ ጨዋታ የሚጠበቀው ውጤት 0.76 ነው። ያገኘው 0.5 ስለሆነ ጉድለቱ 0.26 ነው፤ በተለመደው ማባዣ በ20 ሲባዛ 5.2 ነጥብ ያጣል። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ሬቲንጉ 2300 ላልደረሰ ተጫዋች ግን ማባዣው 40 ነውና ልጁ 10.4 ያገኛል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ ቼክ ከተባለ ጨዋታው በራሱ አቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ በየሠፈሩ የሚሰማ ስሕተት ነው። የሚቆጠረው ቼኩ ሳይሆን፣ ተራው የዚያው ተጫዋች ሆኖ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ጊዜ መከሰቱ ነው፤ ተከታትሎ መምጣትም የለበትም። ተጫዋቹ ራሱ ካልጠየቀ ዳኛው ጣልቃ የሚገባው አቀማመጡ አምስት ጊዜ ሲደገም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ልጁ ምን አደረገ?

መልስ፦ ያንኑ አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ የሚያመጣውን እርምጃ ጠጠሩን ሳይነካ መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ሰዓቱን አቁሞ እጁን አነሣና ዳኛውን ጠራ።