«ጸጥ ያለ» ብዬ ጽፌ የደረሰብኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለጎንደር እንግዶች የሚታደል ጽሑፍ አዘጋጅተህ «ደረቅ ነው» ተባልክ፤ አሁን ጽሑፉን ሕያው የሚያደርጉ ቅጽሎች ዝርዝር እንድንልክልህ ትፈልጋለህ። ዝርዝር የላኩልህን አልወቅስም፤ አንተ ግን አትጠቀምበት። እኔም እንዲህ ያለ ዝርዝር በደብተር ይዤ ነበር፤ የከሰርኩትም በዚያው ደብተር ነው።

1ኛ. «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ»፣ «ጥንታዊ» ያልክበትን ሁሉ አስምርበት። ከዚያ ዐረፍተ ነገሩን አንሥተህ ለሌላ ከተማ ስጠው። «ውብና ጥንታዊቷ ከተማ» ያልከው ያለ አንዳች ማስተካከያ ለአክሱምም ይሆናል። የአክሱም ሐውልቶች ከፋሲል ግንብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማሉ፤ ሁለቱንም «ጥንታዊ» ካልናቸው አንባቢው ምን ያዘ? «በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ» ብትል ግን የጎንደር ይሆናል። ደግሞ በአማርኛ ቅጽል ከስሙ ይቀድማል፤ አምስት ብትደረድር አንባቢው ግንቡ ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትልከኝ «ቆንጆ ዶሮ ግዛ» ብላኝ አታውቅም። «ገብስማውን፣ እግሩ ቢጫ የሆነውን» ነበር የምትለው። በሬ የጠፋበት ገበሬም «ማራኪ በሬ አያችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። «ዳለቻ፣ ግንባሩ ቦቃ» ይላል።

2ኛ. ቅጽሉን ሄደህ አጣራው። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስለ ቤታቸው አጭር መግለጫ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ ግማሹንም ክፍያ አስቀድመው ሰጡኝ። ክፍሎቹን ከምሳ በኋላ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ቡናቸውን ጠጣሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩና «ጸጥ ያለ፣ ምቹ፣ ማራኪ እይታ ያለው ማረፊያ» ብዬ ጻፍኩ። በ44ቱ ታቦት በምትጠራ ከተማ «ጸጥ ያለ»! ያውም እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው! የቤቱ የጓሮ አጥር ከደብር ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ እኔም እያየሁት ነው ያለፍኩት።

መግለጫውን ይዘው የመጡት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የደረሱት ደግሞ በደብሩ ንግሥ ዋዜማ። ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ እስኪነጋ ቀጠለ። ጠዋት ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ወረደና ጣቱን «ጸጥ ያለ» ከሚለው ላይ አድርጎ አንድ ቃል ሳይናገር ቆመ። የማረፊያው ባለቤት የሦስት ሌሊት ክፍያ መለሱለት። የታተመው ወረቀት በሙሉ ከሰል ማቀጣጠያ ሆነ። ቀሪውንም ክፍያ ከለከሉኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ከመታተሙ በፊት አንብበው «በጣም ጥሩ ነው» ያሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቤት ለዓመታት የተኙት እሳቸው አይደሉምን?

እልህ ያዘኝና በራሴ ገንዘብ እዚያው አደርኩ። የሚንቋቋውን የእንጨት ደረጃ፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ማለዳ በመስኮቱ የሚገባውን የዕጣን ሽታ ያገኘሁት ያን ሌሊት ነው። ከዚያ «በንግሥ ሌሊት ማኅሌቱ ከአልጋ ላይ ሆነው የሚሰማበት ክፍል» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ያንን ክፍል ለይተው የሚጠይቁ እንግዶች እንዳሉ እዚያው የሚሠራ ልጅ ነግሮኛል።

አንተም በሁለተኛው አንቀጽህ «ጥርት ባለ ውሃ የተሞላው የፋሲል መዋኛ» ብለሃል። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በግንቦት የሚመጣው እንግዳህ ደረቅ ወለል ሲያይ ጣቱን የት ላይ እንደሚያደርግ አስበው። ይልቅ የድንጋዩን አጥር ጨምድደው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ጻፍ፤ እነሱ ዓመቱን ሙሉ አሉ።

3ኛ. «ጥቁር» እና «የጠቆረ» አንድ አይደሉም። ጥቁር ስትል መልኩ ነው፤ የጠቆረ ስትል አንድ ነገር አግኝቶታል፤ ዝናብ ወይም ጭስ ወይም እሳት። «ጠባብ» እና «የጠበበ»፣ «ደረቅ» እና «የደረቀ» እንዲሁ ናቸው። ቋንቋችን እንዲህ ያለ ጸጋ እያለው «አስደናቂ» ላይ መንጠልጠል ያበሳጫል። ይህን ለአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። «ዝናብ ያጠቆረው ድንጋይ» ብዬ የጻፍኩትን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ውብ ድንጋይ» አደረገው። ለምን ስለው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የከተማችንን ገጽታ ያጠቁራል» አለኝ። ጽሑፉ እንደዚያው ታትሞ ወጣ፤ ከሥሩ ያለው ስም የእኔ ነው።

ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ «አስደናቂ ሥዕሎች» ያልከውን ግን ዛሬውኑ አውጣው። እዚያ ገብተህ ቀና በል፤ ክንፍ ያላቸው፣ ዓይናቸው የፈጠጠ የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያዩሃል። ያየኸውን ጻፍና መልሰህ ላክልኝ፤ አነብልሃለሁ፤ አላስከፍልህም። የማረፊያው ባለቤት ግን ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ሁለተኛውን መግለጫ እየተጠቀሙበት ነውና ቀሪው ግማሽ ክፍያ አሁንም አልደረሰኝም።