ባለቤቴ ሳታውቅ ልጀምረው?

ጥያቄ፦ የ39 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ከተጋባን 12 ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ወንድ ተብዬ አደግኩ እንጂ ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ የሚነግረኝ ሴት እንደሆንኩ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በድብቅ ባለሙያ አነጋግራለሁ። ሐኪሜ ሆርሞን መጀመር እንደምችል ነግሮኝ የስምምነት ቅጽ ሰጥቶኛል። ቅጹ ሳይፈረም መኪናዬ ውስጥ ከኢንሹራንሱ ወረቀት ጋር ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ስልኬን መደበቄንና የእግሬን ጸጉር መላጨቴን አይታ «ሌላ ሴት አለች እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለችም» አልኳት፤ አላመነችኝም። በቅርቡ ደግሞ ሦስተኛ ልጅ እንውለድ ማለት ጀምራለች። አንድ ወዳጄ «ጀምረውና ለውጡ ሲታይ ትነግራታለህ» ይለኛል። እኔ እወዳታለሁ። ከየት ልጀምር? አንዳንድ ሌሊት መኖሬ ራሱ ይታክተኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ልጀምር፤ እንደ ቀላል ነገር ጨምረውት አለፉ እንጂ ቀላል አይደለም። መኖር በሚታክትዎ ሌሊት ብቻዎን አይቀመጡ። ባሉበት አገር 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ደውለው ወይም የጽሑፍ መልእክት ልከው ሰው ማግኘት ይቻላል። ይህን ስሜት ለሚያነጋግሩት ባለሙያም በግልጽ ይንገሩት። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ከወዳጅዎ ጋር አልስማማም። ባለቤትዎ ማወቅ ያለባት ቅጹ ከመፈረሙ በፊት ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞንና የወንድ ሆርሞንን የሚገታ መድኃኒት ሲወሰዱ ብዙ ጊዜ ወሲባዊ ፍላጎት ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጡት ማደግ ይጀምራል። ያደገ ጡት መድኃኒቱ ቢቆምም ተመልሶ አይጠፋም። ድምፅ አይቀጥንም፣ ጢምም በሆርሞን ብቻ አይጠፋም። ዘር የማፍራት አቅም ግን ይዳከማል፤ በኋላ ስለ መመለሱም ማንም ዋስትና ሊሰጥዎ አይችልም። ሐኪሞች ከመጀመሩ በፊት ዘር በቅዝቃዜ ስለ ማቆየት የሚያነሡት ለዚህ ነው። አሁን የባለቤትዎን ነገር አብረው ያስቡት። እሷ ሦስተኛ ልጅ እየጠበቀች፣ አልጋ ላይ የሚርቃት ሰው ለምን እንደራቃት ሳታውቅ፣ በየወሩ ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትፈልግ ልትኖር ነው። ልጅ የመውለድ ተስፋዋን ሳትጠየቅ መዝጋት እርስዎ የሚፈልጉት ነገር እንዳልሆነ ደብዳቤዎ ይመሰክራል።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሚስት፣ እንደ እርስዎ ያለ ጉዳይ ከነበረው ባለቤቷ ጋር መጥታ አነጋግሬያቸው ነበር። ያስለቀሳት እኔ የጠበቅኩት ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሴት ሽቶ ለማግኘት ትራሱን እያሸተተች መኖሯን እያነሣች ነበር የምታለቅሰው። «አብሮኝ እየተኛ እያየኝ ዝም አለ» አለች። የእርስዎም ባለቤት አሁን ያለችው እዚያ ነው። ሐሰተኛ ታሪክ ይዛ እየኖረች ስለሆነ ዝምታዎ ከሕመም አላዳናትም።

ሲነግሯት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ለዚያ ጥያቄዋ መልስ ይሁን። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ሌላ ሴት አለች ወይ ብለሽኝ ነበር፤ የለችም። የደበቅኩሽ ነገር ግን አለ፤ እሱም ስለ ራሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን የማውቀው እንደ ሴት ነው። ባለሙያ እያነጋገርኩ ነው። መድኃኒት አልጀመርኩም፤ አንቺ ሳታውቂ ልጀምር አልፈለግኩም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ያነበቡትን ሁሉ በዚያ ምሽት አያፍስሱባት። ቀኑንም ይምረጡት፤ ልጆቹ ዘመድ ዘንድ ያደሩበት፣ በማግስቱም ሁለታችሁም ሥራ የማትገቡበት ቢሆን መልካም ነው። የበዓል ዋዜማ አይሁን። መኪና ውስጥም አይሁን፤ ሰው ተነሥቶ ወጥቶ አየር መቀበል የማይችልበት ቦታ ነው።

ልታለቅስ፣ ልትቆጣ፣ ሳምንት ሙሉ ልታኮርፍ ትችላለች። «መንፈስ ነው፣ ጠበል እንሂድ» ልትልም ትችላለች። ይህን ስትል ልታዋርድዎ ፈልጋ ሳይሆን የምታውቀውን መድኃኒት እያቀረበችልዎ ሊሆን ይችላልና አይሳለቁባት። ሄዳችሁ መጸለይ የእምነታችሁ ጉዳይ ነው። «ከጠበሉ በኋላ ይተወኛል» የሚል ቃል ግን አይስጧት፤ ያንን ቃል መጠበቅ አይችሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ምደባ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ይህን እርስዎ ከሚነግሯት ሐኪሙ ቢነግራት ይሻላል።

ስለዚህ ቀጣዩን ቀጠሮ አብራችሁ ሂዱ። አማርኛ የሚቀናት ከሆነ ቀደም ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ይህን በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እርስዎ አያስተርጉሙላት፤ ልጆቻችሁማ በፍጹም። ከሐኪሙ ጋር ለብቻዋ የምትነጋገርበት ጊዜ እንዲሰጣትም ይጠይቁላት። የምታነጋግረው የሥነ ልቦና ባለሙያም ከእርስዎ የተለየ ይሁን፤ የእርስዎ ባለሙያ የእርስዎ ወገን መስሎ ይታያታል።

አካልዎን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ነው፤ በትዳሩ ጉዳይ ግን እሷም እኩል ቃል አላት። ባለቤትን ማሳተፍ ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ አልቆ የተቆረጠ ነገር ማሳወቅም አይደለም። ፍጥነቱን አብሮ መወሰን ነው። ሊመለሱ ከሚችሉት ይጀምሩ፦ ጸጉር ማሳደግ፣ ቤት ውስጥ የሚለበስ ልብስ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠሩበት ስም። «ሦስት ወር ስጪኝና እንደገና እንነጋገር» ይበሉ፤ «ዝግጁ እስክትሆኚ» ግን አይበሉ። ቀን የሌለው ጥበቃ እርስዎን ወደዚያ ክፉ ሌሊት ይመልስዎታል።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ የተለየ ፈተና አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ሲነጋገሩ «አንተ» እና «አንቺ» አይለያዩባቸውም። የእርስዎ ባለቤት ግን «በላህ? ደወልክ? ልጁን አምጣው» ባለች ቁጥር ጾታ ትጠራለች። «አንቺ በይኝ» ማለት በየደቂቃው የሚፈጸም ትልቅ ጥያቄ ነው። 12 ዓመት የለመደ አፍ በአንድ ሳምንት አይዞርም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ባይጠይቋት እመርጣለሁ። ልጆቹም «አባዬ» እያሉ ይቆዩ፤ እናታቸው ሳትረጋጋ ለእነሱ አይነገር።

ምሥጢሩን ማን ይወቅ? ብቻዋን እንድትሸከመው አይጠይቋት፤ እርስዎ ዓመታት የሞቱበትን ዝምታ ማስተላለፍ ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ሰው አብራችሁ ምረጡ። ንስሐ አባቷን ከመረጠች አይከልክሏት። ሽማግሌ ግን ለጊዜው ይቆይ፤ ሽማግሌ የተጣላን ያስታርቃል፣ እናንተ ደግሞ ገና አልተጣላችሁም። በማኅበርና በእድር የሚዞር ወሬ በማግስቱ አዲስ አበባ መድረሱንም አይርሱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ያስቀጣል፤ አገር ቤት ያለው ሰው ደግሞ ይህንና የእርስዎን ጉዳይ አይለያያቸውም። ለጉብኝት ስትሄዱ የሚያሰጋው እርስዎን ብቻ ሳይሆን እሷንም፣ ወላጆቿንም ነው።

ትዳሩ ይተርፋል? እንደ እርስዎ ወንድ ተብላ ያደገችውን ብሪታንያዊቷን ጸሐፊ ጃን ሞሪስን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1953 የኤቨረስትን መወጣት ለዓለም ያበሠረችው ጋዜጠኛ ናት። በ1949 ኤልሳቤጥን አግብታ ልጆች ወልደዋል። በ1972 በሞሮኮ፣ ካዛብላንካ አካሏን ወደ ሴትነት የሚለውጥ ቀዶ ሕክምና አደረገች። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ጋብቻቸው እንዲቀጥል ስላልፈቀደ ተፋቱ፤ ነገር ግን ከአንድ ቤት አልተለያዩም፤ በ2008 እንደገና በሕግ ተጣመሩ። እናንተ ባላችሁበት አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሕጉ ፍቺ አያስገድዳችሁም። ይሁንና ሁሉም ትዳር እንደ እነሱ አይሆንም። ባለቤትዎ ያገባችው ባል ነው፤ ከሴት ጋር በሚስትነት መኖር አልችልም ብትል ክፋት አይደለም። ያኔም ቢሆን ልጆችን አብሮ ማሳደግ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ሆናችሁ መለያየት የሚቻለው እውነቱን ከእርስዎ አፍ ከሰማች ነው።

በዚህ ሳምንት ቅጹን አይፈርሙ፤ ይቅደዱትም አልልም። ከመኪናው አውጥተው ከእርሷ ጋር ቁጭ ብለው የሚያነቡበትን ቀን ይቁረጡ። ከተነጋገራችሁ በኋላ ደግሞ ይጻፉልኝ። እስካሁን «እርስዎ» ያልኩዎት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ምርጫዎን ስላልነገሩኝም ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤ «አንተ» ልበል ወይስ «አንቺ»፣ ወይስ በዚሁ እንቆይ፣ ይንገሩኝ።