ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲያፈስ ማን ያሠራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውሃ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ለስድስት ዓመት የብሎካችን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት ጎረቤት ከጎረቤት ሲኳረፍ ካየሁባቸው ጉዳዮች ግማሹ «ይህን ማን ያሠራል?» የሚል ነበር።

«ጀሞ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። የሽንት ቤቴ ጣሪያ ሦስት ወር ሙሉ ያንጠባጥባል። ቀለሙ ተላጠ፣ ኮርኒሱ ጠቆረ። ላይ ያሉትን ሳናግራቸው ‹እኛ ጋ ምንም የለም› ይሉኛል።»

እህቴ፣ ገንዘብ ከማውራታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለይ። ከላይ ያሉት ቧንቧቸውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪያቸውን ይዩ። ምንም ሳይከፈት ከዞረ፣ ንጹህ ውሃ የሚያመጣው መስመር አፍስሷል ማለት ነው። ቆጣሪው ቆሞ ነገር ግን ሰው ሻወር በወሰደ ቁጥር የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ችግሩ ወለሉ ወይም ሲፎኑ (የወለሉ ውሃ መውረጃ) ጋ ነው።

እኛ ብሎክ አንዴ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲከር፣ አንዲት እናት የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ በጆግ ይዘው መጡ። የሻወሩ ወለል ላይ፣ ሲፎኑ ጠርዝ ጠርዙን ደፉት። በማግስቱ ጠዋት ታች ያለው ኮርኒስ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ሐምራዊ ክብ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተከራከረ ሰው የለም።

ውሃው ከላይ ካሉት መሆኑ ከታወቀ እነሱ ያሠራሉ። የራሳቸውን ወለል ብቻ አይደለም፣ የአንቺንም ኮርኒስና ቀለም ጭምር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ «አላወቅንም ነበር» አያድናቸውም። ላይ ያለው ተከራይ ከሆነና ያጠፋው እሱ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ቧንቧ ከፍቶ ወጥቶ ከሆነ፣ ዕዳው ወደ እሱም ይሄዳል።

ይህ በእኔም ደርሷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ከፍቶ መርሳት ቀላል ነው። ውሃው ሌሊት መጣና ታች ያሉትን ጎረቤቶቼን አጥለቀለቃቸው። ምንጣፋቸውን አሳጠብኩ፣ ጣሪያቸውን አስቀባሁ። እስኪጠይቁኝ መጠበቅ ነውር መስሎ ተሰማኝ። አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው።

ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ለኮሚቴው በደብዳቤ አሳውቂ። ሁለት የሚከበሩ ጎረቤቶች ይዘሽ ሂጂና ለምኚያቸው። ፍርድ ቤት ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

«ሰሚት ነው የምኖረው፣ ጡረተኛ ነኝ። የላይኞቹ ሁሉ ፍሳሽ የሚወርድበት ትልቁ ቱቦ በእኔ ሽንት ቤት ጥግ ያልፋል። መገጣጠሚያው አፍስሶ ሸተተን። ኮሚቴው ‹ቤትዎ ውስጥ ስለሆነ ራስዎ ያሠሩ› አለኝ።»

አባቴ፣ የተሳሳተው ኮሚቴው ነው። ቱቦው በማን ቤት ያልፋል አይባልም። የማንን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል ነው የሚባለው። የአምስት ቤት ፍሳሽ የሚያወርድ ቱቦ የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቷል። የጋራ የሆነውን የሚያስጠግነው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው፣ ከአባላት በሚዋጣ ገንዘብ። ከሽንት ቤት መቀመጫዎ ተነስቶ እስከ ትልቁ ቱቦ ያለችው አጭር ቅጥያ ግን የእርስዎ ናት።

ሴራሚኩስ? ቱቦውን ለመጠገን ማኅበሩ ካፈረሰው፣ ማኅበሩ መልሶ ይለጥፈው። ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቃለ ጉባኤ ያስጽፉ። ሠራተኛው መዶሻውን ይዞ ከሄደ በኋላ ገንዘብ ማስወጣት ከባድ ነው። ሲያሠሩ ደግሞ ቱቦው ፊት ለፊት የምትከፈት ትንሽ በር ያሠሩ። ብዙ ሰው ለማማር ብሎ ጥርቅም አድርጎ ይደፍነዋል፣ ከዚያ በየዓመቱ ሴራሚክ ይሰብራል።

«ተከራይ ነኝ። ባለቤቱ ዱባይ ነው፣ ኪራዩን በውክልና ወንድሙ ይቀበላል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ይጋጋላል፣ ማከፋፈያው ሁለቴ ተቃጥሏል። ወንድምየው ‹የሚጠቀመው ያሠራ› ይላል። ከኪራዩ ልቀንስ?»

በራስህ አትቀንስ፣ ኪራይ አልከፈለም ተብሎ ይዞርብሃል። አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ ይዞ የማቆየት ግዴታ አለበት፣ በግድግዳ ውስጥ ያረጀ ሽቦም የእሱ ነው። አንተ የሰበርከው መስታወት ወይም ያበላሸኸው ቁልፍ ያንተ ነው። አምፖልም ያንተ ነው። ለተወካዩ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ለባለቤቱም በስልክ ፎቶውን ላክለት። ከተስማሙ አንተ አሠርተህ በደረሰኝ ይታሰብልሃል። ግን እስከዚያ ምጣድ አትሰካ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ልጆች የሚተኙበት ቤት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመትም አያንስም። ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ስለዚህ ስትዋዋሉ የጥገናውን ነገር በአንድ አንቀጽ አስገቡ።

«የካ አባዶ፣ የመጨረሻው ፎቅ ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል። ምድር ቤት ያሉት ‹ጣሪያው እኛን አይመለከትም› ብለው መዋጮ እምቢ አሉ።»

ይመለከታቸዋል። ጣሪያው ለብሎኩ ሁሉ ነው፣ ማንሆሉ ሲዘጋ እርስዎም እንደሚያዋጡት። ውስጥ የተበላሸውን ኮርኒስዎን በተመለከተ፣ ኮሚቴው ተነግሮት ችላ ካለ ማኅበሩ ቢያሠራልዎ ፍትሕ ነው እላለሁ። አሳውቀው ካልነበረ ግን ለመከራከር ይቸገራሉ። ሌላው፣ ዲሽ የሚተክሉ ልጆች ቆርቆሮውን እየረገጡ ሚስማሩን ያላሉታል። ማን ወጣ፣ ለማን ሠራ የሚለውን ጥበቃው ይመዝግብ።

«ሳሎኑን ለማስፋት ግድግዳ ላፍርስ?»

አምድና ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ፈጽሞ አይነካም። ቀላል የአግሮስቶን ክፍልፋይም ቢሆን ማኅበሩንና የሚመለከተውን የመንግሥት ቢሮ ሳያስፈቅዱ፣ መሐንዲስ ሳያሳዩ አይጀምሩ። የጎረቤት ግድግዳ ከተሰነጠቀ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።

«ኮዬ ፈጬ ቤት ደርሶኝ ቁልፍ ተረከብኩ። ከምን ልጀምር?»

እንኳን ደስ አለዎት። ቀለምና ኮርኒስ ይቆዩ። የተሰነጠቀ ወይም ያልተገጠመ ነገር ካለ ፎቶ አንስተው ላስረከበዎት ቢሮ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያስቀሩ። ሴራሚክ ከማስነጠፍዎ በፊት ደግሞ የሽንት ቤቱን ሲፎን ደፍነው ወለሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ሞልተው ያሳድሩት። ጠዋት ታች ያለውን ጎረቤት ያንኳኩና ጣሪያውን አብራችሁ እዩት።