ከፈይ የለበሰ ቀንድ እና የጅማ ቄራ

እህቴ፣ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቀሽ ስምንት ወር ሥራ እንዳጣሽ ጽፈሽልኛል። አሜሪካ ያለው የአክስትሽ ልጅ ታክሲደርሚ ቤት (የሞተ እንስሳን ቆዳና ቀንድ እንዳይበሰብስ አድርገው የሚያቆዩበት) ተቀጥሮ ከፈይ የለበሰ የአጋዘን ቀንድ ሲያደርቅ ቪዲዮ ይልክልሻል። «ፎርማሊንና ስሪንጅ ገዝቼ ጅማ ላይ ልጀምር?» ነው ጥያቄሽ። ፎርማሊኑን፣ ያንን ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል፣ አትግዢ፤ ሌላውን እንነጋገርበት።

በመጀመሪያ፣ ያሳሳተሽ ስሙ ይመስለኛል። እኛ አጋዘን የምንለው እንስሳ ቀንዱ እንደ በሬ ነው፤ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን፣ ዕድሜ ልኩን የማይወድቅ። በቪዲዮ ያየሽው ሌላ ዘር ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዲር» የሚሉት። የእሱ ቀንድ አጥንት ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ወድቆ እንደ አዲስ ይበቅላል። ከፈይ የሚመስለው ጸጉራም ቆዳ የሚኖረው በዕድገቱ ወቅት ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ቀንዱን ይመግቡታል። ዕድገቱ ሲያበቃ ቆዳው ይደርቅና እንስሳው ከዛፍ ጋር እያሸ ይገፈዋል። ይህ ዘር በእኛ ጫካ የለም። ያሉንን ዱኩላና አጋዘን ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደን ቀርቶ ቀንዳቸውን ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጁን አንብቢው።

ያ ልጅ የሚከፈለው ለቀንዱ ሳይሆን ደሙን ለማውጣቱ ነው። ደም ከቀረ ቆዳው ይበሰብሳል፣ ጸጉሩም ይረግፋል። ስለዚህ የቀንዱን ጫፎች በስቶ ዘቅዝቆ ያንጠባጥበዋል፤ ከዚያ ከሥር ባሉት የደም ሥሮች ፎርማሊኑን እየወጋ በጫፎቹ እስኪወጣ ይገፋዋል፤ ከዚያም ለሳምንታት ያደርቀዋል። ፎርማሊን ካንሰር አምጪ ነው። አየር ማስወጫ በሌለው ኪራይ ቤት፣ ያውም ከምድጃ አጠገብ፣ አይነካም።

ለጅማ የሚሆነው ቄራ ያለው ነው። ከታረደና ከተመረመረ ከብት ብቻ ውሰጂ፤ የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊኖርበት ይችላልና አትንኪ። ቀንዱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ሽፋኑ ከአጥንቱ ይለቃል። (ሽታውን ጎረቤት ይቅር አይልሽም፤ ግቢሽ ሰፊ ካልሆነ ተዪው።) የራስ ቅሉን ቀስ ብሎ በሚሞቅ ውኃ እንጂ በሚንተከተክ አትቀቅዪው፤ ስቡን በሳሙና አውጪ፣ ለማንጣት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተጠቀሚ። በረኪና ግን አጥንቱን ያፈረፍረዋል። የጅማ ክረምት ሻጋታ ስለማያጣው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አድርቂው።

ገበያውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፤ እዚህ ከተማ በታክሲደርሚ ብቻ የሚኖር ሰው አላውቅም። የሚቀጥረው የላብራቶሪ ረዳትነት ነው። አጥንት አጽድቶ፣ ገጣጥሞ፣ ስም ለጥፎ ለማስተማሪያ ማዘጋጀት የቻለ ሰው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም፣ በግል ኮሌጅም፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ሲያመለክት የሚያሳየው ነገር አለው። «ሠልጥኛለሁ» ከሚል ወረቀት ይልቅ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የፍየል ራስ ቅል ይናገራል። ቀንዱን ደግሞ አትጣዪው፤ ዋንጫና ማበጠሪያ ይወጣዋል፣ በርጩማ የሚጠርቡትን ባለሙያዎች አማክሪ።

አዲስ አበባ ከሄድሽ አራት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሙዚየም ሳታዪ አትመለሺ፤ የእንስሳቱ ቆዳ ስፌት የት እንደተደበቀ ፈልጊ። እስከዚያው አንድ የፍየል ራስ ጀምሪና በየቀኑ ፎቶ እያነሳሽ ያዢ። ሲደርቅ ይዘሽልኝ ነይ፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።