ቡና ለሚጭን ላንድክሩዘር ባሌስትራና አሞርዛተር ስለ መምረጥ

ከጌራ የጻፉልን አንድ አንባቢ 79 የተባለው ዓይነት ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አላቸው። በቡና ወቅት ከጪራ እስከ አጋሮና ጅማ ይጭናሉ፤ በቀረው ጊዜ መኪናው አብዛኛውን መንገድ ባዶውን ይሄዳል። ጭነት ሲኖረው ኋላው ከልክ በላይ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ሲገባም አክስሉ ከሻንሲው ጋር ይማታል። አንዱ ነጋዴ መኪናውን 75 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ዕቃ እንዲገዙ፣ ሌላው በነባሩ ባሌስትራ (መኪናውን በሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) ላይ ሁለት ብረት እንዲያስጨምሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል እንዲያስመጡ መክሯቸዋል። የትኛው እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

መኪናዎ የሚሸከመውን ክብደት በቁጥር እስኪያውቁ ድረስ ከሦስቱ አንዱንም እንዳይገዙ እለምንዎታለሁ። ከፋብሪካው ውጭ የሚሠሩ ጥሩ ባሌስትራዎች ለአንድ ዓይነት መኪና እንኳ በበርካታ ደረጃ ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ለባዶ መኪና፣ ሌላው ዘወትር 300 ኪሎ ግራም ለሚጭን፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ በላይ ለሚሸከም ነው። ስለ ጭነትዎ ምንም ሳይጠይቅ የመኪናዎን ሞዴል ብቻ ሰምቶ ዕቃ የሚያወርድልዎ ሻጭ ለመኪናዎ የሚስማማውን መርጦልዎታል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ መኪናውን እንደ ወትሮው ጭነው ወደ ምድር ሚዛን ይውሰዱት። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ በሚዛኑ ላይ አቁመው ያስመዝኑ፤ ባዶውንም በዚሁ መንገድ ይድገሙት። እሸት ቡና የሞላ ጆንያ ደረቅ ጀንፈል ከያዘው ጆንያ እጅግ ስለሚከብድ በጆንያ ቁጥር መገመት ያሳስታል። ከጭነቱ በላይ የሚሳፈሩ ሰዎችም ክብደት ናቸው፣ እዚያ መቀመጣቸው ራሱ ለሕይወታቸው አደገኛ መሆኑ ሳይዘነጋ። የተገኘው ቁጥር በመኪናው መግለጫ ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ ካለፈ ችግሩን በባሌስትራ መፍታት አይቻልም። ጠንካራ ባሌስትራ የመኪናውን ቁመት ይመልሳል እንጂ የአክስሉን፣ የኩሽኔቱን፣ የፍሬኑንና የሻንሲውን አቅም አይጨምርም።

ክብደቱ በልኩ ሆኖ መኪናው አሁንም ከወረደ ነባሩ ባሌስትራ ደክሟል ማለት ነው። ባዶውን ሜዳ ላይ አቁመው ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ። መኪናው ባዶ ሆኖ ባሌስትራው ዝርግ ከሆነ ወይም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ከጎበጠ ዕድሜውን ጨርሷል። በመካከለኛው ቡሎን ዙሪያና በዋናው ብረት ጫፍ ጥምዝ ሥር ስንጥቅ መኖሩን ለማየት ጭቃውን በደንብ ያጥቡት፤ የእኛ አገር ቀይ ጭቃ ሲደርቅ ስንጥቁን ይሸፍነዋል።

በደከመ ባሌስትራ ላይ ሁለት አዲስ ብረት መጨመር ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። እኔ ግን አልደግፈውም። አዲሶቹ ብረቶች ከአሮጌዎቹ የተለየ ጉብጠትና ጥንካሬ ስላላቸው ሸክሙ እኩል አይከፋፈልም፣ ዋናው ብረትም ሊሰበር ይችላል። መኪናው ባዶ ሲሆን ደግሞ ኋላው ደርቆ ይዘላል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ መያዣ ያጣል፣ በተለይም በኩርባ ላይ። ያገለገለ ኦሪጅናልም ቢሆን ምን ያህል እንደሠራ በዓይን ማወቅ ስለማይቻል ለጭነት መኪና አልመክረውም።

ለእርስዎ የሚስማማው የላይኞቹ ብረቶች ለባዶ ጉዞ ለስለስ ያሉ ሆነው፣ ከታች ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚነካ ወፍራም ረዳት ብረት ያለው ሙሉ ባሌስትራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከባድ ጭነት የሚይዝ መኪና ቢሆን ኖሮ ወጥ ጠንካራውን እመርጥ ነበር። በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባ የአየር ከረጢት ቢቀርብልዎ አይቀበሉት። ባሌስትራ ሸክሙን በሁለት ጫፎቹ ለሻንሲው ሲያካፍል፣ ከረጢቱ ግን ሁሉንም በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚጥለው ጭነት በሚበዛበት አስቸጋሪ መንገድ ሻንሲው ሊታጠፍ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሞርዛተር ክብደት እንደማይሸከም ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራው የባሌስትራውን መወዛወዝ ወደ ሙቀት ለውጦ መግታት ነው። ስለዚህ ለወረደ መኪና አሞርዛተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ሲሆን፣ አዲስ ጠንካራ ባሌስትራ አስገብቶ አሮጌውን አሞርዛተር መተው ደግሞ መኪናውን የሚያንገጫግጭ ሌላ ጥፋት ነው። ሁለቱ አብረው ይመረጡ። በሚያንገጫግጭ የጠጠር መንገድ ላይ በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይግላል፣ አረፋም ይሠራል፤ ያን ጊዜ መግታት ያቆማል። ባለ አንድ ቱቦ የጋዝ አሞርዛተር ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፣ ነገር ግን ፒስተኑ በቀጥታ በውጭው ግድግዳ ላይ ስለሚሄድ ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው ሥራው ይበላሻል። ባለ ሁለት ቱቦው በውስጡ ሌላ ቱቦ ስላለው ምቱን ይችላል። በጭነት በዝግታ ለሚሄድና ድንጋይ ለሚፈናጠርበት የገጠር መንገድ ወፍራም ፒስተንና ብዙ ዘይት ያለው ባለ ሁለት ቱቦ እመርጣለሁ። ርዝመቱም ከባሌስትራው እንቅስቃሴ ጋር መስማማት አለበት፤ ካጠረ አክስሉ ሲንጠለጠል ማያያዣውን ይነቅላል፣ ከረዘመ ደግሞ የአክስሉ ማቆሚያ ጎማ ሳይነካ ራሱ ተዘግቶ ይሰበራል።

75 ሚሊ ሜትር የማንሳቱን ሐሳብ ይተዉት። ከፍታ የሚያስፈልገው ትልቅ ጎማ ለሚያስገባ ሰው ነው። የእርስዎ መኪና ከፊት በባሌስትራ ሳይሆን በሞላ፣ ማለትም በተጠመዘዘ ስፕሪንግ፣ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ሲነሳ የአክስሉ ማዘንበያ፣ ካስተር የሚባለው፣ ይቀንስና መሪው በፍጥነት ጉዞ ይቅበዘበዛል፤ አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግም አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ከኋላ ደግሞ ክሮቼራው፣ ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ በሹል ማዕዘን ይሠራል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። ብዙዎቹ እነዚህ መኪናዎች በኋላ አክስሉና በሻንሲው መካከል በዘንግ የተያያዘ፣ እንደ ጭነቱ መጠን ለኋላ ፍሬን የሚደርሰውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አላቸው። ኋላው ሲነሳና ቫልቩ ሳይስተካከል ሲቀር መኪናውን ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ያዳክማል፤ ይህም ወደ ጊቤ በረሃ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚያደርሰውን አደጋ መገመት አያዳግትም። ኋላውን ቀድሞ ወደነበረበት፣ ቢበዛ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ከፍ ወዳለ ቁመት መመለስ ይበቃዎታል። ያም ቢሆን ቫልቩና የፍሬን ቱቦው ርዝመት ይታዩ።

ሲያስገጥሙ አሮጌዎቹን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች መልሰው አይጠቀሙ፤ አንዴ ስለተለጠጡ በልክ አይጠብቁም። በባሌስትራው ጫፎች ውስጥ የሚገባውን ጎሚኒ የገጠር ጭቃ የማያስቸግረውን የጎማውን ዓይነት ይምረጡ፤ ፖሊዩሪቴን የተባለው ግሪስ ካልተቀባ ይጮሃል። የጎሚኒው ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። በመጨረሻም ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ሁሉንም ቡሎን እንደገና ያስጠብቁ፣ ከፓራፋንጎ የለኩትንም ርቀት በተመሳሳይ ጭነት ደግመው ይለኩና በፊት ከጻፉት ጋር ያስተያዩት።