ለሁለት ኤልኤም3886 ቦርድ 30-0-30 ትራንስፎርመር ይሆናል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንዲህ ነበር፦ ሁለት የኤልኤም3886 (የድምፅ ማጉያ ቺፕ) ቦርድ ሠርተሃል፣ ስፒከሮችህ 8 ኦም ናቸው፣ እጅህ ላይ 30-0-30 ቮልት (ከመሃል ሽቦው ወደ ሁለቱም ጫፍ 30 የሚሰጥ) 3 አምፔር ቶሮይድ፣ ማለትም የቀለበት ቅርጽ ያለው፣ ትራንስፎርመር አለ። ልግጠመው ወይስ ሌላ ልፈልግ፣ ካፓሲተሩስ ስንት ይሁን ነው ያልከው። እንዳለ አትግጠመው። አምፔሩ ይበቃሃል፤ ችግሩ ቮልቱ ነው።

ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው 30 ሙሉ ጭነት ሲኖርበት የሚሰጠው ኤሲ ነው። ጭነት ሳይኖር 10 በመቶ ገደማ ይጨምርና 33 ይሆናል። በብሪጅ (ኤሲውን ወደ ዲሲ በሚቀይሩት አራት ዳዮዶች) አልፎ ካፓሲተር ሲሞላ በ1.41 ይባዛል፤ ዳዮዱ የሚወስደውን 1 ቮልት ቀንስና 45 ተኩል ቮልት በእያንዳንዱ ወገን፣ በፕላሱም በማይነሱም፣ ታገኛለህ። ከፕላስ እስከ ማይነስ ድምሩ 91 ነው። ቺፑ ድምፅ ሳይገባበት እስከ 94፣ ድምፅ እያጫወተ እስከ 84 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ስታበራው ጤነኛ የሚመስለው፤ ሙዚቃ ሲከፈትበት ወይም የመብራት መስመሩ ትንሽ ከፍ ሲል ግን ይሄዳል። ሙቀቱም አለ፦ በ8 ኦም ስፒከር ±41 ቮልት ላይ አንዱ ቺፕ እስከ 43 ዋት ሙቀት ያወጣል፣ ±30 ላይ ግን 23 ዋት ብቻ። የሂት ሲንክህ (ቺፑን የሚያቀዘቅዘው ብረት) መጠን በዚህ ይወሰናል።

ትክክለኛውን ቮልት ለማግኘት ከምትፈልገው ዋት ተነስ። በ8 ኦም 30 ዋት ለማግኘት የድምፁ ጫፍ 22 ቮልት መድረስ አለበት። ለቺፑ የራሱን 4 ቮልት ጨምርለት፣ 26 ሆነ። 22-0-22 ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት ላይ ዝቅ ሲል እንኳ 28 አካባቢ ይሰጥሃል፤ ያለ ጭነት ±33፣ መስመሩ 10 በመቶ ቢጨምር ድምሩ 73 ነው። ከጣሪያው በታች በሰላም ተቀመጠ ማለት ነው። ስፒከሩን ወደ 4 ኦም የምትቀይር ከሆነ ግን 18-0-18 ያዝ፤ በ22ቱ ላይ 4 ኦም ከጫንክ ሙቀቱ እጥፍ ነው።

ስለ አምፔሩ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን የኤሲ አምፔር እንደ ዲሲ መቁጠሩ ነው። ካፓሲተር ሲሞላ የሚሳበው በአጭርና በኃይለኛ ምት ስለሆነ የምታገኘው ዲሲ ከተጻፈው 0.62 ያህሉን ብቻ ነው። አንተ በሙሉ ድምፅ በየወገኑ ለሁለቱ ቻናል 1.75 አምፔር ያስፈልግሃል፣ ስለዚህ 2.8 አምፔር ኤሲ፣ ማለትም 125 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ተባዝቶ) ገደማ። 160 ቪኤ ብትወስድ ሙቀቱም ይቀንስልሃል። ከዚያ በላይ ለዚህ ሥራ ትርፉ ክብደት ነው።

ካፓሲተሩ በየወገኑ 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት ይሁን። 35 ቮልት የተጻፈበትን አትንካ፣ መስመሩ ከፍ ባለ ቀን ያልፈዋል። በ50 ኸርዝ መስመር ሪፕሉን (ዲሲው ላይ የሚቀረውን የቮልት መዋዠቅ) ለማስላት አምፔሩን ለ100 አካፍል፣ ከዚያ ለፋራዱ አካፍል፦ በ10,000 ሪፕሉ 1.75 ቮልት ነው፣ በ4,700 ወደ 3.7 ይወጣል፤ ባስ ሲመታ ድምፁ ቶሎ የሚቆረጠው በዚህ ነው። "ካፓሲተር በበዛ ቁጥር ይሻላል" የሚለውን አትስማ። 47,000 ብታደርገው የመሙያው ምት ጠብቦ ይጎለብትና ትራንስፎርመሩንና ብሪጁን ያግላል፣ ስታበራም ፊውዝ ይበላል። ቺፑ እግር ሥር በየወገኑ 470 ማይክሮፋራድና 0.1 ማይክሮፋራድ መኖሩን ግን አረጋግጥ፤ ከሌለ ቺፑ ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት እየተርገበገበ ያለ ምክንያት ይግላል።

ብሪጁ 25 አምፔር፣ 200 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ፣ ከብረት ሳጥኑ ጋር በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ይሁን። የትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ካፓሲተሮች መገናኛ ይሂድ። የብሪጁን ማይነስ ግራውንድ ነው ብሎ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ ማይነሱ የአሉታዊው ወገን መውጫ እንጂ ግራውንድ አይደለም።

ማጉያው እምምም እያለ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ በዚሁ መገናኛ ምክንያት ነው። የካፓሲተሮቹ መሃል የመሙያ ምት የሚመላለስበት ስለሆነ የድምፅ ግራውንድህን እዚያ ላይ አትበይድ። ከዚያ በአጭር ወፍራም ሽቦ ወጥተህ ሌላ ነጥብ ሥራ፣ የስፒከሮቹ መመለሻና የቦርዶቹ ግራውንድ በሙሉ እዚያ ይሰብሰቡ። የመስመሩ አረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ ደግሞ በራሱ ብሎን ሳጥኑ ላይ ይታሰር። ቶሮይዱን የሚይዘው ረጅም ብሎን ላይኛው ጫፉ የሳጥኑን ክዳን እንዳይነካ፤ ከነካ ብሎኑና ሳጥኑ አንድ ዙር ሽቦ ሆነው ይዘጉና ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ያለህን 30-0-30 ማዳንም ይቻላል። ሽፋን ባለው ሽቦ ቶሮይዱ ላይ 10 ዙር ጠምጥመህ የዚያን ሽቦ ኤሲ ለካ። 2.2 ቮልት ካነበብክ በዙር 0.22 ነው፤ 8 ቮልት ለመቀነስ 36 ዙር ለእያንዳንዱ ወገን ጠምጥምና ከነባሩ 30 ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ በተከታታይ ግጠም። ውፍረቱ ከነባሩ ሽቦ ያላነሰ ይሁን። ቮልቱ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ጫፎቹን ገልብጣቸው።

መጀመሪያ ስታበራ ቦርዶቹን ሳትሰካ፣ በመስመሩ ላይ 60 ዋት ክር ያለው አምፖል በተከታታይ አስገባ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ አጥፋና ሾርቱን ፈልግ። ሁለቱ ወገን እኩል ±33 አካባቢ ሲያነቡ አምፖሉን አውጣ፣ 1.6 አምፔር ቀስ ብሎ የሚቀልጥ ፊውዝ በመስመሩ አስገባ፣ አጥፍተህም በየካፓሲተሩ ላይ 2.2 ኪሎ ኦም 2 ዋት ሬዚስተር በይድ። ከዚያ በኋላ ስታጠፋው ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፣ በመልቲሜትር ከ1 ቮልት በታች መሆኑን እይ፣ ያኔ ቦርዱን ስካ።