ሌዘር ሳይኖር ለቀዝቃዛ አተሞች ላብራቶሪ መዘጋጀት

ውድ እህታችን፣

ከቱሉ ዲምቱ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶናል። የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነሽ፤ በሁለት ልኬት ብቻ የሚንቀሳቀሱ እጅግ የቀዘቀዙ አተሞችን በሙከራ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ ሌዘር ግን ነክተሽ አታውቂም። «ንድፈ ሐሳቡን ብቻ ይዤ ባመለክት ይቀበሉኛል?» ብለሻል።

ንድፈ ሐሳቡ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፓሪስ ላይ የኮስተርሊትዝና የታውለስ ሽግግር (በሁለት ልኬት ውስጥ የሚከሰት የቁስ ሁኔታ ለውጥ) በሩቢዲየም ጋዝ ሲታይ፣ መሣሪያው እንዳይዋልል መጠበቅ የግድ ነበር። አተሞቹ ከላይና ከታች ተጨምቀው በሰከንድ 4,000 ጊዜ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ ሙቀታቸው ከ190 ናኖኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በላይ 190 የዲግሪ ቢሊዮንኛ) በደንብ ካልወረደ ጋዙ ገና ባለ ሦስት ልኬት ነው። ለማቀዝቀዝ ደግሞ የ780 ናኖሜትር ሌዘር ያስፈልጋል። የሌዘሩን ብርሃን የሚያመነጨው ዳዮድ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የብርሃኑ ድግግሞሽ ወደ 30 ጊጋኸርዝ ይሸሻል፤ የአተሙ መስመር ስፋት (አተሙ ብርሃን የሚቀበልበት የድግግሞሽ ክልል) ግን 6 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። የዲግሪ አንድ ሺህኛ እንኳ አምስት እጥፍ ያስታል!

ስለዚህ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጀምሪ። ከተበላሸ የውሃ ዲስፔንሰር ፔልቲየር (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ጎኑ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው የሚሞቅ ሳህን) ይገኛል፤ 10 ኪሎኦም ቴርሚስተር (ሙቀት መለኪያ)፣ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) እና ጡጫ የሚያህል አሉሚኒየም ጨምሪበት። ቴርሚስተሩን ላዩ ላይ አትለጥፊው፣ የአየሩን ሙቀት ያነብብሻል፤ ቀዳዳ በስተሽ በሙቀት ቅባት ቅበሪው። የፔልቲየሩ ትኩስ ጎን በቂ ሂትሲንክ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣ ብረት) ከሌለው ሙቀቱ ወደ ብረቱ ይመለሳል፣ መቆጣጠሪያው ተጨማሪ ከረንት ይለቃል፣ ይብስበታል። ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የአርዱይኖው 10 ቢት መቀየሪያ አንድ እርከኑ 0.1 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከዚያ ያነሰውን አያይም፤ ባለ 16 ቢት ግዢ። ግብሽ ሌሊቱን ሙሉ ከ0.01 ዲግሪ አለመውጣት ይሁን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብረቱ ከግቡ ርቆ ስለሚጀምር፣ በፕሮግራምሽ ውስጥ ስህተቱን የሚደምረው ክፍል ይከማችና አልፎ ይሄዳል፤ ለድምሩ ጣሪያ አብጂለት።

ጎን ለጎን አተሞቹ በብርሃን ላይ ከሚጥሉት ጥላ የአተም ምስል በፓይተን ማስላት ተለማመጂ። ሦስት ምስል ነው፦ አተም ያለበት፣ የሌለበት፣ ብርሃን የጠፋበት። ጨለማውን ከሁለቱም ቀንሰሽ የጥምርታቸውን ሎጋሪዝም ውሰጂ። በሁለቱ መካከል ጨረሩ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ላይ ሸንተረር ይወጣል፤ አተም መስሎ እንዳያታልልሽ።

ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ የአንድ ሌሊቱን የሙቀት ግራፍ አያይዢ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት አትቁረጪው፤ ብረቱ በስንት ደቂቃ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ከዚያ ላይ ያነባሉ።